ኮከብና መሰላል
(ከመግሪብ ሰላት በኋላ ለጀማዓው የቀረበ ንግግር)





ዛሬ የምናወራው በመስጂዳችን ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ትንሽ እንዳልሆነ ያወቅነው በአንድ የጀናዛ ቀን ነው። ሰላተል ጀናዛው ከዐስር በኋላ ይሰገዳል ብለን በገጹ ላይ አውጥተን ነበር። ቤተሰቡ ሰዓቱን ወደ ዙህር አመጣው። ገጹን ማስተካከል የሚችለው ደግሞ አንድ ወጣት ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ ላይ ነበር፣ ስልኩ አይነሳም። ሁለታችን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠን ገጹን ከፈትነው። የቅንፍና የፈረንጅ ፊደል ጫካ ሆነብን። አንዱን ብንነካ ሌላው ይበላሻል ብለን ፈርተን ዘጋነው። ለዐስር የመጡት ወንድሞች ቀብሩ አልቆ አገኙት። ከእነሱ መካከል የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ። ምን ብለን እንደምንመልስላቸው ጠፋን።

ጥፋቱ የወጣቱ አይደለም፣ የእኛ ነው። የጀማዓውን ማስታወቂያ ሁሉ በአንድ ልጅ ጣት ላይ አንጠልጥለን ተኝተን ነበር።

ከዚያ በኋላ ገጻችን ማርክዳውን የሚባለውን አጻጻፍ እንዲቀበል አስደረግን። ይህን አጻጻፍ ጆን ግሩበር የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2004 አወጣው፤ አሮን ስዋርትዝም አግዞታል። ሰዎች በኢሜይል ሲጻጻፉ ቃል ለማጉላት ኮከብ፣ ለመዘርዘር ሰረዝ የማድረግ ልማድ ነበራቸው። እነሱም ያንኑ ልማድ ኮምፒውተሩ እንዲረዳው አደረጉ። ጽሑፉ ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊትም እንዳለ ይነበባል።

ኮከብና መሰላል ለእናንተ እንግዳ አይደሉም። የስልክ ካርድ ስንሞላ ኮከብ 805 ኮከብ ብለን፣ ቁጥሩን አስገብተን በመሰላል እንዘጋለን። እንግዲህ በመስመር መጀመሪያ ላይ መሰላል፣ ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ጽሑፍ ስታደርጉ ርዕስ ይሆናል። መሰላሉ ሁለት ከሆነ ንዑስ ርዕስ ነው። ቃሉን ከፊትና ከኋላ በሁለት ሁለት ኮከብ ብታቅፉት ይደምቃል። የዚያን ቀን ማስተካከል ያቃተን ማስታወቂያ ይህን ያህል ነበር፦

## የጀናዛ ማስታወቂያ

ሰላቱ ከዙህር በኋላ ይሰገዳል።

በቃ። አንዱን ቃል አጥፍቶ ሌላውን መተካት ብቻ ነበር የቀረን።

እኛ የተሳሳትንባቸውን እንንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ዋትሳፕ ላይ አንድ ኮከብ ያደምቃል፤ እዚህ ግን አንድ ኮከብ ፊደሉን ያጋድመዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ሲጋደም አያምርበትም፣ ተዉት። ከመሰላሉ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ከረሳችሁ ርዕሱ ርዕስ አይሆንም። አምስቱን የሰላት ሰዓቶች ኢንተር እየመታን በየመስመሩ ጻፍናቸው፤ ገጹ ላይ ሁሉም ተጣብቀው አንድ መስመር ሆነው ወጡ። ለካ አንድ ኢንተር አይቆጠርም። አንቀጽ ለመለየት ባዶ መስመር ይተዋል፤ ለዝርዝር በየመስመሩ መጀመሪያ ሰረዝና ክፍት ቦታ ይደረጋል።

ከወርድ ገልብጦ መለጠፍ ሌላው መዘዝ ነው። በብዙ ገጾች ላይ ጽሑፉ ከማይታይ የቀለምና የመጠን ትእዛዝ ጋር ይገባና ገጹን ያዘበራርቀዋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ አንድ ላይ ስትጫኑ ጽሑፉ ብቻ ይገባል፤ ያ ካልሠራ መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ግን በዚህም አይድንም፤ ገጹ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ውጥንቅጥ ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ያን ጽሑፍ በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ወይም ማስቀየር ነው። አራት ነጥብንም በሁለት የፈረንጅ ነጥቦች ድርድር አንተካት፤ የራሷ ቁልፍ አላት።

አንዳንድ ወንድሞች ርዕሱ ቀይ ይሁን፣ ትልቅ ይሁን ይሉናል። የመሰላሉን ጥቅም ያስረዱን ማየት የተሳናቸው አንድ የጀማዓችን ወንድም ናቸው። ስልካቸው ጽሑፉን ያነብላቸዋል፤ እሳቸውም ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለሉ የሚፈልጉትን ያገኛሉ። ስልኩ ርዕስ የሚለው ግን በመሰላል የተጻፈውን ነው። ቀይ ቀለም ቢቀባ፣ ቢደምቅ፣ ለእሳቸው ተራ መስመር ነው፤ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች መስማት ይገደዳሉ። ቀለሙንና መጠኑን ለገጹ እንተውለት፣ እሱ ለሁሉም እኩል ያደርገዋል።

ኢንሻአላህ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ በመድረሳው ክፍል እንለማመዳለን። ከወንዶችም ከሴቶችም ቢያንስ ሦስት ሦስት ሰው እንፈልጋለን፤ ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። ያ ወጣትም ይመጣል፤ ተራ ሊቀበለው የሚችል ሰው በማግኘቱ ከሁላችንም በላይ የተደሰተው እሱ ነው። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!