የሕዝቡ ቴሌቪዥን ቁልፍ በማን ኪስ ነው?

(መርካቶ፣ ጭድ ተራ ለተሰበሰቡ ነጋዴዎችና ለሰፈሩ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሚዲያ ተናገር ተብዬ ስጋበዝ ቦታው ጭድ ተራ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ጉዳዬ ከሆቴል አዳራሽ ይልቅ ለዚህ ሰፈር ይስማማል። የመጣሁት ስለ ኪራይ ልናገር ነውና፤ ስለ ኪራይ ደግሞ መርካቶን የሚያስተምር ሰው ገና አልተወለደም።

በሰው ሱቅ የሚነግድ ሰው ዕቃው የራሱ ነው፤ ደንበኛውንም ያፈራው በራሱ ላብ ነው፤ ቁልፉ ግን የአከራዩ ነው። አከራዩ አንድ ሌሊት ቁልፉን ለውጦ ቢያድር፣ ተከራዩ በረንዳ ላይ ቆሞ ቢጮህ ምን ይፈይዳል? ደንበኛው የለመደው በሩን ስለሆነ በዚያው በር ወደ ገባው አዲስ ነጋዴ ይሄዳል።

በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌቪዥናችን፣ ዛሬ ኢቢሲ የሚባለው፣ እንዲህ ያለ ተከራይ ሆኗል ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን አድምጡኝ። ማማ አለው፣ ሕንጻ አለው፣ በጀት አለው። ወጣቱ ግን ዜናውን የሚያየው በስልኩ ነው። በስልኩ ላይ ደግሞ ኢቢሲ የሚያድረው ፌስቡክ ቤት፣ ዩቲዩብ ቤት፣ ቴሌግራም ቤት ነው። በዚያ ቤት የትኛው ዜና ከፍ ብሎ እንደሚታይ፣ የትኛው ተቀብሮ እንደሚቀር፣ ከጎኑ ምን ማስታወቂያ እንደሚለጠፍ የሚወስነው ኢቢሲ አይደለም። ፓርላማውም አይደለም፤ እኛማ ጭራሽ።

ይህ የእኛ የድህነት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ኢሎን መስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። ስድስት ወር ሳይሞላ በአሜሪካው ሕዝባዊ ሬዲዮ በኤንፒአር ገጽ ላይ "ከመንግሥት ጋር የተቆራኘ ሚዲያ" የሚል ታፔላ ተሰቀለበት። ቢቢሲም "በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር" ተባለ። ቢቢሲ ተሟገተና ታፔላው ተስተካከለለት፤ ኤንፒአር ግን ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። (እኛ አገር እንዲህ ያለ ታፔላ ቢሰቀል የሚሟገት አይኖርም ነበር። እውነት ነዋ!)

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ቢቢሲ ለስድስት ወር ሙከራ ብሎ የራሱን ሰርቨር ተከለ፤ ጊዜው ሲያልቅም አራዘመው። የጀርመኖቹ ኤአርዲና ዜድዲኤፍም የየራሳቸው አላቸው። የሚሠሩበት ሶፍትዌር ማስቶዶን ይባላል፤ ጀርመን አገር የሚኖር ኦይገን ሮችኮ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው። ማንም በነጻ አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይተክለዋል፤ የሁሉ ጌታ የሆነ አንድ ኩባንያ የለውም።

አሠራሩ ከስልክ አይርቅም። በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ሲገባ በ07 ቁጥር ወደ 09 መደወል ተቻለ። ሁለቱ ተቀናቃኞች ናቸው፤ መስመሩ ግን ይገናኛል። እነ ፌስቡክ ለዓመታት የኖሩት እንዲህ አይደለም፤ እነሱ ጋ ያለውን ለማግኘት እነሱ ቤት መግባት ግድ ነው። ማስቶዶን ላይ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ደንብ፣ የራሱ አድራሻ አለው፤ በአንዱ ሰርቨር የተመዘገበ ሰው በሌላው ያለውን ይከተላል፣ ይመልስለታል። ቢቢሲ በሰርቨሩ ላይ ገጽ የከፈተው እንደ ሬዲዮ 4 እና 5 ላይቭ ላሉት ለራሱ ክፍሎች ብቻ ነበር። አድራሻቸው በቢቢሲ ስም ስለሚያልቅ አስመሳይ ሊከፍትበት አይችልም።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር በመርካቶ ዓይን እንያት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሰው መረጃ የሚፈልገው የት ነበር? ስልኩ ላይ። በኅዳር ወር የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ "ዕቃ ሊወረስ ነው" ተባለና ሱቆች ተዘጉ። መስተዳድሩ ሐሰት ነው ብሎ አስተባበለ። ወሬውና ማስተባበያው ግን በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ ናቸው። የማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል? በዓርማ እንዳትሉኝ፤ ዓርማ መቅዳት ለመርካቶ ልጅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ውስጥ የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን እያወጡ የሚቀሰቅሱ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ተለጥፈው እንደነበር፣ ይነሱ ተብሎ ቢጠየቅም በጊዜው እንዳልተነሱ ልጃቸው ክስ አቀረበ። የት? ናይሮቢ። የእኛን ቋንቋ የሚያዩት ተቆጣጣሪዎች የተቀመጡት እዚያ ነበራ! በ2015 በተከፈተው መዝገብ የኬንያ ፍርድ ቤት "ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ" ያለው በ2017 ነው። አከራዩን ለመክሰስ ድንበር መሻገር፣ ክሱ ገና ይታይ አይታይ ለመባል ብቻ ሁለት ዓመት መጠበቅ!

"እንግዲያው መንግሥት የራሳችንን ይሥራልን" የሚል አይጠፋም። ተብሎ ነበር እኮ! በነሐሴ 2013 የኢንሳ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ዶ/ር ሹመቴ ግዛው ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዋትስአፕን የሚተካ የአገር ውስጥ መድረክ እየተሠራ ነው አሉ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ በሰኔ፣ ፌስቡክ ከዚያው ከኢንሳ ጋር ግንኙነት ባላቸው ግለሰቦች ይንቀሳቀሳሉ ያላቸውን የሐሰት ገጾች ጠርጎ ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። የራስን ሱቅ መክፈት አንድ ነገር ነው፤ መርካቶን በሙሉ አጥሮ በር ላይ ዘበኛ ማቆም ሌላ ነው።

የማሽን ባለቤትነት ምን እንደሚያደርግ የግል ጋዜጣ አንባቢ ጠንቅቆ ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲወጣ ሳንሱር ቀረ ተባለ፤ ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ። የሚታተሙት ግን ብርሃንና ሰላም ነበር፤ የብርሃንና ሰላም ባለቤት ደግሞ መንግሥት። በሐምሌ 2004 "ፍትሕ" ጋዜጣ ስለ አቶ መለስ ጤንነት ጽፎ 30,000 ያህል ቅጂ ሳይሰራጭ ቀረበት። የሳንሱር ቢሮ ማቋቋም አላስፈለገም፤ የማተሚያው ጌታ መሆን በቃ።

"ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ይህን እያወቅህ ለመንግሥት ሚዲያ ሌላ ማሽን ይጨመርለት ትላለህ?" ትሉኝ ይሆናል። አዎ እላለሁ፤ መረቡ ክፍት እስከሆነ ድረስ። በክፍት መረብ ላይ የኢቢሲ ሰርቨር ከብዙዎቹ አንዱ ሱቅ ነው። ከጎኑ የግል ጋዜጣው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የጋዜጠኞች ማኅበሩ የየራሱን ይከፍታል። ኢቢሲ የእኔን አስተያየት ከራሱ ሰርቨር ላይ ቢሰርዘው እኔ ከጻፍኩበት ሰርቨር ላይ ሊሰርዘው አይችልም። ጥላቻ ቢነዛ ደግሞ ሌሎቹ መስመሩን ይቆርጡበታል።

ሁለተኛም ምክንያት አለኝ፤ ለእኔ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት መንገድ ይመራ ይላል። ዛሬ የተመልካች አስተያየት ሲጠፋ ኢቢሲ "ፌስቡክ ነው፣ እኔ የለሁበትም" ብሎ ሊያመልጥ ይችላል። በራሱ ሰርቨር ላይ ማምለጫ የለውም። የጠፋውን ያጠፋው እሱ ነው፤ በየትኛው ደንብ እንዳጠፋው ጽፎ መለጠፍ አለበት፤ የሚከሰስበትም ፍርድ ቤት ልደታ እንጂ ናይሮቢ አይሆንም።

የማልደብቃችሁ ነገር አለ። የራስ ሱቅ መኖር መንገዱ ሲዘጋ አያድንም። ከ1997 ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር። የካቲት 2 ቀን 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ የተከፈቱት ሐምሌ 10 ነው። አምስት ወር! የሚገርመው የመንግሥት ተቋማት በዚያው በተዘጋው ፌስቡክ ላይ መለጠፋቸውን አላቆሙም፤ ሕዝቡም በቪፒኤን ጓሮ ለጓሮ ገብቶ ያነብ ነበር። የመስመሩ ዋና ቁልፍ በአንድ እጅ እስካለ ድረስ ይህ ሊደገም ይችላል፤ ለዚያ ሰርቨር ሳይሆን ሕግ ነው የሚያስፈልገው።

ሰውስ ባይመጣ? ይህም ደርሷል። የስዊዘርላንድ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ማስቶዶን ላይ የራሱን ሰርቨር ከፍቶ ተከታዩ ጥቂት ስለሆነበት በ2024 ዘጋው። ስለዚህ ኢቢሲ ነገ ከፌስቡክ ጥሎ ይውጣ አልልም። ሁለት ቦታ የሚሸጥ ነጋዴ ለመርካቶ ብርቅ አይደለም፤ ዋናው ዕቃ በራስ ሱቅ ይቀመጥ፣ ናሙናው በኪራዩ በረንዳ ላይ ይዘርጋ ነው የምለው። ሶፍትዌሩ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ኮምፒውተሩ፣ መብራቱና ሌት ተቀን የሚጠብቁት ባለሙያዎች ናቸው።

እንግዲህ የኢቢሲ ሪፖርት ፓርላማ ሲቀርብ ሁለት ነገር ይጠየቅልን። በባዕድ ኩባንያ ገጾች ላይ ተከታይ ለማብዛት እስከ ዛሬ ስንት ብር ወጣ? የራስን ሰርቨር ለመትከልስ ስንት ይፈጃል? እንደራሴዎቻችሁን ጠይቁ፤ መልስ ያገኘ ለእኔም ይንገረኝ።

አሁን ጥያቄ ያለው ይቀጥል። እርስዎ፣ አባቴ፣ ቀድመው እጅዎን አውጥተዋል፤ ይናገሩ።