በአንድ ማዕድ ስለ መቀመጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በሌሎችም የወለጋ ከተሞች፣ እንዲሁም በየገጠሩ የምትገኙ የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ ስለ ክርስቲያናዊ አንድነት ልንነግራችሁ ወደናል። ስለ አንድነት መስማት ሁሉን ደስ ያሰኛል፤ አንድነታችን እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን በማዕድ ነው።

ቅዱስ ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት በ2ኛው ምዕራፍ፣ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በጸሎትና በማዕድ እንደ ተባበሩ፣ ያላቸውንም ለተቸገረ እንዳካፈሉ ይነግረናል። ብዙዎቻችን ይህን አንብበን እናቆማለን። እስከ 6ኛው ምዕራፍ የዘለቀ ሰው ግን በዚያች በተመሰገነች ማኅበር ውስጥ ማጉረምረም እንደ ተነሣ ያገኛል። ይኸውም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች፣ መበለቶቻቸው በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ስለ ተዘነጉ ነበር። እነሆ፣ ቅሬታው የተነሣው ስለ እንጀራ ነው፤ ወገን የለየውም ቋንቋ ነው።

ሐዋርያትስ ምን አደረጉ? ያጉረመረሙትን አልገሠጹም፤ ነገሩንም አልናቁትም። ሕዝቡን ሰብስበው በመልካም የተመሰከረላቸውን 7 ሰዎች አስመረጡ፤ እጃቸውንም ጫኑባቸው። ከእስጢፋኖስ ጀምሮ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ይህም የተዘነጋው ወገን በማዕዱ አገልግሎት ላይ ድርሻ እንደ ተሰጠው ያስረዳናል።

አባቶቻችን ሰንበቴንና የጽዋ ማኅበርን ያቆዩልን ለዚሁ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ያመጣው ዳቦና ጠላ ተባርኮ ድኻውም እንግዳውም ሊቋደስ ይገባዋል። ነገር ግን እኛ ካህናትም እናንተም እናስተውል፤ ሰንበቴው የሚተዋወቁ ሰዎች መቀመጫ ብቻ የሆነበት ስፍራ አለ። ከገጠር ማልዶ ገሥግሦ የመጣ ገበሬ፣ በአማርኛ የተነገረውን ስብከት ሳይረዳው፣ ማንም ና ሳይለው ይመለሳል። ለቡና ለቀማ ከሌላ አገር የመጣ የቀን ሠራተኛም ኦሮምኛ ባለማወቁ በደጀ ሰላም ብቻውን ይቆማል። ሁለቱም የተጠመቁት አንዲት ጥምቀት ነው።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ አካባቢ በግጭት የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ወለጋ መጣ። ያን ጊዜ ለአንዲት እናት እንኳ እንጀራ ያቀረበ ሰው የእስጢፋኖስን አገልግሎት አገልግሏል። ከዚያም ወዲህ በወለጋ ምድር ብዙ ቤት ፈርሷል፤ በኦሮሞውም በአማራውም ቤት ለቅሶ ገብቷል። እንግዲህ ሐዘንተኞች ሁሉ ወደ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ገብተው፣ ሲወጡ በየወገናቸው ለብቻ የሚቀመጡ ከሆነ፣ ሐዘናቸው ወደ ቂም ይለወጣል። አብረው ቢቀመጡ ግን አንዱ የሌላውን እንባ ያያል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ እያንዳንዱ ሰንበቴ ኦሮምኛና አማርኛ የሚችሉ፣ በደጅ የቆመውን የሚያስገቡ ሰዎችን ይምረጥ። ካህናትም ቃሉን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እናድርስ። በቅዳሴ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝ፣ ያኰረፍነውን ሰው እንፈልግ። የጽዋው ተረኛ የሆነም፣ ከባለጠጋው አስቀድሞ ጠያቂ የሌላትን መበለት ይጥራ።

በአንድ መሠዊያ ፊት የሰበሰበን አምላክ በአንድ ማዕድ ያስቀምጠን፤ ያዘኑትን ያጽናናልን፤ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።