የከባድ መኪና መካኒክነት ለሚማሩ ልጆቻችን

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ ስለ መዋጮ አልናገርም፤ አይዟችሁ። የምናገረው የከባድ መኪና መካኒክ መሆን ስለሚፈልጉት ልጆቻችን ነው።

እንደምታውቁት ሰፈራችን ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ልጆቻችን የከባድ መኪና ድምፅ እየሰሙ ነው ያደጉት። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይመጣል። መኪናው ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ደጋችን ይወጣል። ያን ሁሉ ጭነት የሚጎትተው የናፍጣ ሞተር ነው፤ ሞተሩን በጤና የሚያቆየው ደግሞ መካኒኩ ነው። ስለዚህ ሙያው እንጀራ አለው። «ልጄ ዘይት በዘይት ሆኖ ሊቀር ነው ወይ?» የምትሉ እናቶች አላችሁ። እናቶቼ፣ ዘይት በሳሙና ይለቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

አምና አንድ የሰፈራችን ልጅ እግሩን ያጣበትን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የምናገረው በእናቱ ፈቃድ ነው፤ ስሙንም የጋራዡንም ስም አልጠራም። ዕድሜው 17 ነበር። ውል የለው፣ ደመወዙ የምሳ ብር ብቻ። መኪናውን በክሪክ አንሥተው «ግባና ፍታ» አሉት፤ ገባ። የክሪኩ ጎሚኒ አርጅቶ ኖሮ ለቀቀ፣ መኪናውም ወረደበት። የመጀመሪያውን ሕክምና ከፈሉለት፤ ከዚያ በኋላ ግን «ሠራተኛችን አይደለም» አሉ። በእጃችን አንዲት ወረቀት ስላልነበረን ምን ብለን እንከራከር? ክሪክ መኪና ያነሣል እንጂ መኪና አይዝም። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ከሥሩ ሳይገባ፣ ጎማውም ሳይታገድ ማንም ሰው መኪና ሥር መግባት የለበትም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን የሚነግረው ሰው ቢኖር ኖሮ ልጁ ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን አምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፤ ናፍጣው በኖዝል ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ናፍጣው የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። የከባድ መኪና ጎማ እኮ የሚነፋው በ8 ባር ገደማ ነው! የሚያፈሰውን ቱቦ በጣቱ የሚፈልግ ልጅ ናፍጣው ቆዳውን በስቶ ይገባበታል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ስለሚያክል ይናቃል፤ ወዲያውኑ ሐኪም ካላየው ግን ጣት፣ አልፎም እጅ ያስቆርጣል። የኋላውን ፍሬን በሚይዘው ክብ ጣሳ ውስጥም የታመቀ ትልቅ ሞላ አለ። ሳይታሰር የተከፈተ እንደሆነ ሰው ይገድላል። ዛሬ ደግሞ ብዙው ብልሽት የሚነበበው ኮምፒዩተር ተሰክቶ ነው፤ በጆሮ ብቻ አይገኝም። እኔ ከ6ኛ ክፍል ያለፍኩ አይደለሁም፤ ስለዚህ መጽሐፍ ማንበብ አለመቻል ምን እንደሚያስቀር ከእኔ ጠይቁ።

በሌላ በኩል ደግሞ ተማሪ ቤት ብቻውን አይበቃም። ካምቢዮ አውርዶ የማያውቅ ባለ ምስክር ወረቀት ጋራዥ ሲገባ ይስቁበታል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ትምህርቱን በድርጅት ውስጥ ከሚደረግ ልምምድ ጋር እንዲያያይዙ የተደረገው ለዚሁ ነው። በጋራዥ ሥራ ላይ ያደጉትም የብቃት ምዘና ተፈትነው በደረጃቸው ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላሉ። «ከእንግዲህ ወዲያ ተማሪ ቤት አልገባም» ለሚሉ ወጣቶቻችን ይህ በር አልተዘጋም።

በመሆኑም ማኅበሩ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ነገሮች እንዲወስን እጠይቃለሁ፤

አንደኛ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ 18 ዓመት ያልሞላውም አደገኛ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ስለዚህ ልጆቻችንን በችግር ምክንያት ቀድመን ወደ ጋራዥ አንስደድ። ችግር ያለበት ቤት ለኮሚቴው በምስጢር ይንገር።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም የሰፈራችን ልጅ ጋራዥ ሲገባ ወላጁ፣ እኔና አንድ ሽማግሌ አብረን ሄደን የሥራውን ዓይነት፣ ክፍያውንና ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም የሚገልጽ ውል በጽሑፍ እናስፈርም። የብረት መደገፊያ መኖሩንም በዓይናችን እንይ።

ሦስተኛ፣ ለምዘና የሚቀርቡትን ልጆች የምዝገባ ወጪ ማኅበሩ ያበድር፤ ሥራ ሲይዙ ይመልሳሉ።

ልጁ ሲጎዳ ገንዘብ አዋጥተናል፤ እግዜር ይስጣችሁ። ነገር ግን ከተጎዳ በኋላ ከምናዋጣ፣ ሳይጎዳ አብረነው ብንሄድ ይሻላል።

ማሳሰቢያ፦ ጠቅላላ ጉባኤው ሦስቱንም ሐሳቦች ተቀብሏል። ልጅ ማስመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቢሮ ጸሐፊውን ያነጋግር። ሴት ልጅም ይመዘገባል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ አዎን ይመዘገባል።