ፊደል የሌለው መጽሐፍ

(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ባለፈው ጊዜ ስለ ኮንትራትና ስለ ፓስፖርት ነበር የተወራው፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው። እኔ ደግሞ የመጣሁት ስለ አንዲት ኮሪያዊት ሰዓሊ ላወራችሁ ነው። «አሁን ሥዕል ለኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። የምይዘው ልጅ አራት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ መጽሐፍ ይዞ ይመጣና ጭኔ ላይ ቁጭ ይላል። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ፣ አማርኛ እንደ ውኃ ነው የማነበው። ዓረብኛ ግን ከሰው አፍ የለቀምኩት ነው እንጂ ፊደሉን አልቆጠርኩም። ስለዚህ ሥዕሉን እያየሁ ተረቱን ከራሴ ፈጥሬ እነግረው ነበር። አንድ ቀን ታላቅ እህቱ ሰምታ «እንደዚያ አይልም እኮ! አንቺ ማንበብ አትችይም» አለችኝ። ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም። እኔ ግን የዚያን ዕለት ዕቃ እያጠብኩ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ልጁ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ «በል እንቅልፍህ መጥቷል» እያልኩ እሸሸው ጀመር።

ከሳምንታት በኋላ የልጆቹን መደርደሪያ ሳጸዳ አንድ ወደ ጎን ረዘም ያለ መጽሐፍ አገኘሁ። ብገልጠው ፊደል የለውም። እስከ መጨረሻው አገላበጥኩት፣ ከሽፋኑ በቀር አንድም ቃል የለበትም። ሽፋኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሱዚ ሊ» ይላል። የመጽሐፉ ስም በኛ ቋንቋ «ማዕበል» ማለት ነው።

በሞባይሌ ፈልጌ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ሱዚ ሊ በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል ውስጥ ነው የተወለደችው። እዚያው በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ተማረች። ከዚያ ለንደን ሄዳ የመጽሐፍ ጥበብ የሚባል ትምህርት ቀጠለች። እንደዚህ የሚባል ትምህርት መኖሩንም ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። መጽሐፍን ጽሑፍ ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን እንደ ዕቃ፣ እንደ ቤት አድርጎ የሚያይ ትምህርት ነው፤ ወረቀቱ፣ መጠኑ፣ አገላለጡ ሁሉ ይናገራል። የመጀመሪያ ሥራዎቿን ያሳተመላት ጣሊያን አገር ያለ ማተሚያ ቤት ነው። «ማዕበል» በ2008 አሜሪካ ታተመ። በ2022 በልጆች መጽሐፍ ዓለም ትልቁን ሽልማት፣ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ሽልማት፣ በሥዕል አሸነፈች። ከኮሪያ የመጀመሪያዋ ናት።

አሁን መጽሐፉን ልተርክላችሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ ባሕር ትሮጣለች፣ አምስት ወፎች ይከተሏታል። ልጅቷ በግራው ገጽ ናት፣ ባሕሩ በቀኙ። መሐል ላይ መጽሐፉ የታጠፈበት መስመር አለ። ባሕሩ ከዚያ መስመር አያልፍም፤ እሷም አታልፍም። ታስፈራራዋለች፣ ሲመጣ ትሸሻለች፣ ሲመለስ ትጠጋለች። ወፎቹም እሷ ያደረገችውን ያደርጋሉ። በኋላ ድፍረት አግኝታ መስመሩን ተሻግራ ውኃው ውስጥ ትገባለች። እዚህ ላይ ሰውነቷ ግማሹ ወረቀቱ መሐል ገብቶ ይጠፋል። እኔ በመጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ገጹን ለቅቄ ላየው ሞክሬ ነበር! ስህተት አይደለም፣ ሆን ብላ ነው። ከዚያ ትልቅ ማዕበል ይነሣል። ልጅቷ ሮጣ ወደ ግራው ገጽ ትመለስና «እዚህ አትደርስብኝም» ብላ ምላሷን ታወጣለች። ማዕበሉ ግን መስመሩን አልፎ ይመጣና ከላይ እስከ ታች ያለብሳታል።

እስከዚያ ድረስ ሰማያዊው ቀለም ባሕሩ ላይ ብቻ ነበር። ልጅቷም አሸዋውም ሰማዩም በከሰል የተሣሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ግን ሰማዩም ቀሚሷም ሰማያዊ ሆነው ይገኛሉ። አሸዋው ላይ ደግሞ ከባሕር የመጡ ዛጎሎች ተበትነዋል። በሁለት ቀለም ብቻ ነው ይህን ሁሉ የሠራችው።

ሱዚ ሊ በዚህ ዓይነት ሦስት መጻሕፍት አሏት፣ ሦስቱም ልክ አንድ መጠን ናቸው። «መስታወት» በ2003 ነው የወጣው፤ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ልጅቷ በአንዱ ገጽ፣ የመስታወት ምስሏ በሌላው። «ጥላ» በ2010 ወጣ፤ እሱ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚገለጠው፣ ከላይ ዕቃ ቤት፣ ከታች የዕቃዎቹ ጥላ። መሰላልና ሌላውም ዕቃ ጥላው ጫካና አውሬ ይሆናል፤ ቫኪዩሙ ዝሆን ይሆናል። (እኔ ያን ቫኪዩም ስንት ዓመት ስጎትተው አንድ ቀን ዝሆን አልሆነልኝም።) ሦስቱን አንድ ላይ «የድንበር» መጻሕፍት ትላቸዋለች። ሌላው ሰዓሊ ሥዕሉን እንዳይነካበት የሚሸሸውን የመሐሉን መስመር እሷ ድንበር አደረገችው፤ ታሪኩን እዚያው ላይ አቆመችው። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ድንበር ምን እንደሆነ ለኛ ማንም አያስረዳንም።

ሽልማቱን የሚሰጠው ማኅበርም ታሪክ አለው። የመሠረተችው የላ ሌፕማን የምትባል ጀርመናዊት ናት። አይሁድ ስለሆነች በሂትለር ዘመን ልጆቿን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተሰደደች። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሳ ለ20 አገሮች «የልጆች መጽሐፍ ላኩልኝ» ብላ ጻፈች፤ በተለይ የሥዕል መጽሐፍ ፈለገች፣ ልጆቹ የሰው አገር ቋንቋ ባያውቁም እንዲገባቸው። በ1946 ሙኒክ ውስጥ ለሕዝብ አሳየችው። ማኅበሩ በ1953 ተቋቋመ። ይኸው ማኅበር ደግሞ በ2012 ላምፔዱሳ ለምትባለው የጣሊያን ደሴት ፊደል የሌላቸውን መጻሕፍት ከብዙ አገር መሰብሰብ ጀመረ። ላምፔዱሳን የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ከሊቢያ በጀልባ የሚወጡት ወገኖቻችን የሚደርሱባት ናት፤ በጥቅምት 2013 ከ360 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ እዚያው አጠገብ ሰጥመዋል። መጻሕፍቱ ከባሕር ለወጡትም ልጆች፣ ለደሴቲቱም ልጆች ናቸው። የትኛውም ልጅ ከሌላው በፊት አያነበውም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። «ማዕበል»ን ለልጁ ማንበብ ጀመርኩ። አዎ፣ ማንበብ ነው የምለው። ታላቅ እህቱ መጥታ ጎናችን ተቀመጠች፤ «እንደዚያ አይልም» የምትልበት ቦታ አጣች። እሷ በዓረብኛ፣ እኔ በተሰባበረ ዓረብኛና በአማርኛ እንተርካለን፤ ትንሹ ማዕበሉ ሲመጣ ይጮኻል።

አንድ ማታ ማዳምን አስፈቅጄ ገጾቹን በሞባይል አነሳኋቸውና ለልጄ አሳየኋት። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእናቴ ጋር ናት። በሁለት ዓመቷ ነው ትቻት የመጣሁት። ስልክ ስደውል የምንባባለው አንድ ነው፤ «ምን በላሽ?» «እንጀራ»፤ «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደኅና»፤ ከዚያ ለአያቷ ትሰጣታለች። የዚያን ቀን ግን እኔ ዝም ብዬ እሷ አወራችልኝ። ወፎቹ አምስት መሆናቸውን የቆጠረችው እሷ ናት። መጨረሻው ላይ እናቲቱ ልጅቷን ልትወስድ ትመጣለች፤ በመሐል ባሉት ገጾች ሁሉ አትታይም። ልጄ እዚያ ስትደርስ ቆመችና «እማ፣ እስካሁን የት ሄዳ ነው?» አለችኝ።

ወዲያው መልስ አላገኘሁም። እሷው ቀጠለች፦ «ሥራ ላይ ነበረች መሰለኝ።» ቀጥላም «ድጋሚ ከመጀመሪያው አሳዪኝ» አለች።

ሥዕሎቹ ሞባይሌ ላይ አሉ። ቡናው እስኪፈላ ማየት የምትፈልጉ ወደዚህ ጠጋ በሉ።