ስለ ባለ ወናፉ ትልቅ ካሜራ አተካከልና አጠቃቀም
(ለፎቶግራፍ ክበብ አዲስ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በፊታችሁ በሦስት እግሩ ቆሞ ስለሚታየው ካሜራ ነው። ብዙዎቻችሁ ስታዩት «ይህ የአያቶቻችን ዘመን ዕቃ ምን ይሠራልናል?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኪሳችን የያዝነው ስልክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ሥዕል ያነሣል፤ በዚህ ካሜራ ግን ጀማሪ ሰው አንዱን ሥዕል ለማንሣት ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት አያስደንቅም። እኛ ይህን ካሜራ የምናስተምረው ምንም ነገር በራሱ ስለማይሠራ ነው። ርቀቱን አይለካም፤ ብርሃኑን አይመጥንም፤ ስሕተትንም አይሸፍንም። ስለዚህ በዚህ ካሜራ አንድ ጥሩ ሥዕል ያነሣ ሰው፣ ሥዕሉ ለምን ጥሩ እንደ ሆነ ምክንያቱን መናገር ይችላል።

ያለንን ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። ካሜራው አንድ ነው። ፊልሙ 25 ሉህ የያዘ አንድ ካርቶን ነው። አባሎች ደግሞ 12 ነን። እንግዲህ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሉህ ይደርሰናል፤ አንድ ሉህ ይተርፋል። የተረፈችው አንዲት ሉህ ምን እንደምትሠራ ወደ ኋላ እንገልጻለን።

ካሜራው ሲታይ የተወሳሰበ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የፊት ቋሚው ሌንሱን ይይዛል፤ የኋላ ቋሚው ፍዝ መስተዋቱን ይይዛል። በሁለቱ መካከል እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚታጠፍ ወናፍ አለ፤ ሥራውም ብርሃን በጎን እንዳይገባ መከልከል ነው። ሁለቱም ቋሚዎች በአንድ ሀዲድ ላይ ይሄዳሉ። የፊልሙ ሉህ 4 በ5 ኢንች፣ ማለትም ወደ 10 በ12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይህ በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ካለው አንድ ሥዕል ከ13 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ጥራቱም የሚመጣው ከዚህ ስፋት ነው።

አሁን ወደ አተካከሉ እንለፍ።

አንደኛ፤ መቆሚያውን ስንተክል አንደኛው እግር ወደምናነሣው ነገር ያመልክት። ያን ጊዜ እኛ በሁለቱ እግሮች መካከል ሳንደናቀፍ እንቆማለን። ካሜራውን ከጫንን በኋላ በውሃ ልክ እናስተካክለው። ሁለቱም ቋሚዎች ቀጥ ብለው፣ እርስ በርሳቸው ትይዩ ሆነው፣ ምልክቶቻቸው ሁሉ ዜሮ ላይ ይሁኑ። ጀማሪ ሰው ካሜራው በብዙ በኩል እንደሚንቀሳቀስ ሲያይ ሁሉንም ለመሞከር ይቸኩላል፤ የቸኮለ ግን አፍሶ ለቀመ ነው። ያለ ምክንያት አንዱንም አንነካም።

ሁለተኛ፤ የሌንሱን መዝጊያ ከፍተን፣ የብርሃኑንም ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አስፍተን፣ ራሳችንን በጥቁር ጨርቅ እንሸፍናለን። በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ሥዕል ተዘቅዝቆ ነው፤ ቀኙም በግራ ግራውም በቀኝ ሆኗል። ይህ ያስቸግራል፤ ጥቅምም አለው። ቤቱ ቤት፣ ሰውየው ሰው መሆኑ ስለሚረሳ፣ ዓይናችን ጥላና ብርሃን እንዴት እንደ ተደለደሉ ብቻ ያያል።

ሦስተኛ፤ ቋሚውን በሀዲዱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያደረግን ሥዕሉን እናጠራለን። በዓይን ብቻ መፍረድ አይበቃም፤ ማጉያ መነጽር በመስተዋቱ ላይ አስቀምጠን እንይ።

አራተኛ፤ አሁን ምክንያት ካለን ቋሚዎቹን እናንቀሳቅሳለን። ለምሳሌ አምስት ፎቅ ሕንፃ ልናነሣ ነው እንበል። ጫፉ እንዲገባ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ብናደርገው፣ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ፊልሙ ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑ ቀርቷልና። መድኀኒቱ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ትቶ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ከመጠን በላይ ከተነሣ ግን የሥዕሉ ማዕዘኖች ይጨልማሉና እነርሱንም እንመርምር።

ሁለተኛው ምሳሌ ሜዳ ነው። ከእግራችን ሥር ካለው አደይ አበባ እስከ ሩቁ ኮረብታ ድረስ መሬቱ ሁሉ እንዲጠራ ብንፈልግ፣ ሌንሱን ጥቂት ወደ ፊት እናዘነብላለን። የፊልሙ፣ የሌንሱና የመሬቱ ገጾች ቢዘረጉ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ፣ መሬቱ በሙሉ ይጠራል። ይህ ሕግ የሚጠራው በኦስትሪያዊው የጦር መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሲሆን፣ ዓላማው ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን ለካርታ ሥራ ማቃናት ነበር። በእኛ ሌንስ ጥቂት ዲግሪ ይበቃል።

አምስተኛ፤ የብርሃኑን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 22 እናጠባለን፤ ቅርቡም ሩቁም አብሮ እንዲጠራ ይረዳል። ብርሃኑንም እንለካለን። ፊልማችን ፍጥነቱ 125 ነው። በጠራ ፀሐይ ለኤፍ 16 የሰከንድ 125ኛ ይበቃል፤ ስለዚህ ለኤፍ 22 የሰከንድ 60ኛ እንሰጣለን። ነገር ግን ወደ ሰው ፊት ስንቀርብ ወናፉ ይረዝማል፤ ሲረዝም ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። ሌንሳችን 150 ሚሊ ሜትር ነው። ከሌንሱ እስከ መስተዋቱ 210 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብርሃኑን በእጥፍ፣ 300 ከሆነ አራት እጥፍ እንሰጣለን። ሜትር በኪስ መያዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ስድስተኛው የፊልሙ ማኅደር ነው፤ በግራና በቀኙ አንድ አንድ ሉህ ይይዛል። የሚጐረሰው በፍጹም ጨለማ ነው። ሉሁን አቁመን ስንይዘው፣ በጠርዙ ያሉት ጥርስ የመሰሉ ትንንሽ ቅዶች በላይኛው ቀኝ ማዕዘን ከሆኑ፣ ብርሃን የሚቀበለው ቅብ ወደ እኛ ዞሯል ማለት ነው። የተረፈችው ሉህ እንግዲህ ሥራዋ ይህ ነው። በብርሃን ትሠዋልናለች። መጀመሪያ እያየን፣ ቀጥሎ ዓይናችንን ጨፍነን፣ በመጨረሻም በጨለማው ክፍል ውስጥ እናጐርሳታለን። አሥር ጊዜ ሳይሳሳት ያጐረሰ አባል የራሱን ሁለት ሉሆች ይቀበላል። ማኅደሩ ከአቧራ ይጽዳ፤ ፊልም ላይ ያረፈች ቅንጣት በታተመው ሥዕል ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች።

የማንሣቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ በቃል ይጠና። መዝጊያውን ዝጋ። ወጥረው። ማኅደሩን አስገባ። ወደ ሌንሱ ያለውን ሰሌዳ ሳብ። ካሜራው ረጋ እስኪል ጠብቅ። በሽቦው ተኩስ። ሰሌዳውን ጥቁሩን ጎን ወደ ውጭ አድርገህ መልስ። ነጭ ጎን ያልተነሣ፣ ጥቁር ጎን የተነሣ ማለት ነው። መዝጊያው ሳይዘጋ ሰሌዳው ከተሳበ ሉሁ ጠፋ፤ ጎኑ ከተምታታም በአንድ ሉህ ላይ ሁለት ሥዕል ይነሣል።

ማኅደሩ ከገባ በኋላ በመስተዋቱ የሚታይ ነገር የለም። የምናነሣው ሰው ከሆነ፣ ከጨርቁ ወጥተን በካሜራው አጠገብ ቆመን ፊት ለፊት እናየዋለን። መቼ እንደሚተኮስ የሚወስነው ያ መተያየት ነው።

ሁለት ሉህ ጥቂት ነው የሚል ቢኖር አንድ ታሪክ እናስታውሰው። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በ1927 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በዮሰሚቲ ሸለቆ ሃፍ ዶም የተባለውን ገደል ሊያነሣ ወጣ። ከቦታው ሲደርስ የቀሩት የመስተዋት ፊልሞች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛውን በቢጫ ማጣሪያ አነሣ። ቀጥሎ ግን ሰማዩ እርሱ በልቡ እንዳየው እንደማይጨልም ተገነዘበና፣ የመጨረሻውን በቀይ ማጣሪያ አነሣ። ስመ ጥር የሆነው ይህ የመጨረሻው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ምን እንዲመስል እንደሚፈልግ ዐውቆ ነው መዝጊያውን የከፈተው።

ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ካሜራው በተራ ይሰጣል። እያንዳንዱ አባል ከመውሰዱ በፊት ማንን ወይም ምንን እንደሚያነሣና ለምን እንደ መረጠ በአንድ አንቀጽ ጽፎ ያምጣ። እናቱን ለማንሣት ያሰበ እናቱን ያንሣ፤ ሕንፃ የመረጠም ሕንፃውን። ሁለቱም ሉሆች ሲታጠቡ አንድ ላይ ተሰብስበን እናያቸዋለን።