የማይገበይበት ገንዘብ



በመሥሪያ ቤት የምንውል ሁላችን እንደምናውቀው፥ ሲጻፍ የተበላሸ ደረሰኝ ተቀዶ አይጣልም፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ከነቅጂው በጥራዙ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ። ገንዘብ ባያስገኝም ምስክር ነውና። ዛሬ የምንነጋገርበት የናሙና የወረቀት ገንዘብም ጠባዩ እንደዚሁ ነው።

አንድ መንግሥት አዲስ የወረቀት ገንዘብ ሲያሳትም፥ አታሚው ኩባንያ እውነተኛውን የሚመስሉ ጥቂት ናሙናዎች ያዘጋጃል። ከፊሉ በአታሚው መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ከፊሉም እውነተኛው ከሐሰተኛው እንዲለይበት ወደ ሌሎች ባንኮች ይላካል። ነገር ግን ማንም ለገበያ እንዳያውለው አስቀድሞ ይሰረዛል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ተራ ቁጥሩ በሙሉ ዜሮ ይሆናል፥ «ስፔሲመን» የሚል ቃል ይታተምበታል፥ ወረቀቱም በመብሻ መኪና ይበሳል።

ታዲያ ይህ የማይገበይበት ወረቀት ምን ይጠቅማል? መልሱን ከአገራችን ታሪክ እናገኘዋለን። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ የወረቀት ገንዘብ ባወጣ ጊዜ ሕዝቡ የሚያምነው ጠገራ ብርን ስለ ነበረ፥ ወረቀቱ የሚዘዋወረው ይልቁንም በከተማ ነጋዴዎችና በባለጸጎች መካከል ነበረ። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ በ1924 ዓ.ም. ያወጣው ገንዘብ የታተመው በእንግሊዝ አገር በብራድበሪ ዊልኪንሰን ኩባንያ ነው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ግን ባንኩ ተዘጋ። ከነጻነት በኋላም የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በአሜሪካ የታተመውን አዲስ ገንዘብ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በሥራ ላይ አዋለ። በቅርቡም በ2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ፥ አሮጌዎቹ በሦስት ወር ውስጥ ተመላሽ እንዲሆኑ ታዘዘ።

ከገበያ የተሰበሰበ ገንዘብ መጨረሻው መወገድ ነው፤ ከሰው እጅ የቀረውም በላብና በእጥፋት ይደበዝዛል። ናሙናው ግን ሥዕሉን፥ ፊርማውንና የፊደሉን አጣጣል ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ ጠብቆ ያቆያል። ስለዚህ አጥኚው በመጀመሪያ በግርጌው የአታሚውን ስም ያነባል፥ ፊርማውን ከሌላው ጋራ ያስተያያል፥ ወረቀቱንም በብርሃን ፊት ይዞ ቀዳዳው ተደፍኖ ወይም ጽሑፉ ተፍቆ እንደ ሆነ ይመረምራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ናሙናው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ነው። በ1983 ዓ.ም. የአሜሪካን ባንክ ኖት ኩባንያ መዝገብ ቤት ንብረት በኒውዮርክ በጨረታ ሲሸጥ፥ በአንድ ቤት ተከማችተው የኖሩ ናሙናዎች በየሰብሳቢው እጅ ተበተኑ። ገዢው ምንጩን ያልጻፈለት ናሙና ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ማን ለማን፥ መቼና ስለ ምን እንደ ላከው የሚመሰክርለት የለምና።

ስለዚህ በአሮጌ ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ያጋጠመው ሠራተኛ፥ ዋጋ የለውም ብሎ አይጣለው፤ ያምራልም ብሎ ወደ ቤቱ አይውሰደው። ከተያያዘበት ደብዳቤም ሳይለየው ለአለቃው ያስታውቅ፥ በመዝገብም ያስገባው። በገዛ ገንዘቡ የሚሰበስበውም የገዛበትን ቀንና ስፍራ በማስታወሻው ይጻፍ። የተሰረዘው የመግዛት ኃይሉ ነው፤ ምስክርነቱን የሚሰርዘው ግን የእኛ ቸልተኝነት ነው።