ዜብራ ላይ ቁሙ!

ሄለን፦ ትናንት መገናኛ አንዲት እናት ልጅ አዝለው ዜብራው ላይ ወጡ። የፊተኛው ሚኒባስ ቆመላቸው። ከኋላ የነበረው ግን ክላክሱን እያምባረቀ በግራ ቀድሞት አለፈ፤ እናትየውን ለጥቂት ሳታቸው!

ዳዊት፦ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ዜብራ ላይ የቆመን መኪና የሚቀድም ሰው እኮ ከፊቱ ማን እንደሚሻገር አያይም።

ሄለን፦ ስልክ እየነካካ የሚነዳውስ?

ዳዊት፦ እሱማ ባሰ! በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለ1 ሰከንድ ስልኩን ካየ፣ 17 ሜትር ያህል በጭፍን ሄዷል። ፍሬን ገና አልያዘም!

ሄለን፦ ተሳፋሪውም አይቶ ዝም ይላል።

ዳዊት፦ ዝም አትበሉ! «ወንድሜ፣ ስልኩን አስቀምጠው፤ ካልሆነ አውርደኝ» በሉት። አሽከርካሪዎችም፣ ከፊታችሁ ያለው ዜብራ ላይ ከቆመ እባካችሁ አብራችሁ ቁሙ።